ከቀሚስ ሥር የሚጀምር ሱሪ

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በተለይም በመንዝና በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ የሴት ልጅ ልብስ የቤተ ዘመዱ ሁሉ ጉዳይ ነው፤ ሱሪ ለብሳ ወይም ነጠላ ሳትደርብ ደጅ የወጣች ልጅ ስትታይ ስማቸው የሚነሣው የአባትና የእናቷ ነው። ስለዚህ ቀሚስና ነጠላ የመልበስን ግዴታ ለማላላት የምትነሺ ሁሉ ክርክርሽ ከአባትሽ ይልቅ እርሳቸው ከሚፈሩት የጎረቤት ዓይን ጋር መሆኑን አስቀድመሽ ዕወቂ።

ከብርዱ ጀምሪ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሣሩ በውርጭ ይነጣል፤ በዚያ ወራት ከቀሚስ ሥር የተለበሰ ሱሪ ብዙ ነቃፊ የለውም። «አባዬ፣ ሱሪ ልልበስ?» ብለሽ ግን አትጠይቂ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ መልሱ እምቢታ ነው። «አባዬ፣ ብርዱ ጉልበቴን ስለያዘኝ ከሥር ሱሪ አድርጌያለሁ» ማለት ይሻላል።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የማምንበት ግን የልብስ ማስጫውን ገመድ ነው። ብዙዎቻችን ሱሪያችንን አጥበን በጓዳ፣ ከአንሶላ ሥር ደብቀን እናደርቃለን፤ እንደዚያ ማድረጉ ነውር እንደሠራን ማመን ይሆናል። አንቺ ግን በግቢው ገመድ ላይ፣ ከአባትሽ ካፖርት አጠገብ አስጪው። መንደሩ ለጥቂት ሳምንታት ገመዱ ላይ ያየው ልብስ ሰውነትሽ ላይ ሲታይ እንግዳ አይሆንም። በፌስታል ይዞ ወጥቶ መነኸሪያ መጸዳጃ ቤት ውስጥ መቀየሩ ለጊዜው ይሠራል፤ የተደረሰበት ቀን ግን ክርክሩ ስለ ውሸት ይሆንና ትረቺያለሽ።

አጎት ሴት የወንድ ልብስ አትልበስ የሚለውን ዘዳግም 22፥5ን ቢጠቅሱ፣ ለሴት ተብሎ የተሰፋ ሱሪ የወንድ ልብስ ይባል እንደ ሆነ በትሕትና ጠይቂያቸው። ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ ግን፣ የነጠላው ጥለት አቀማመጥ ሳይቀር የሚታይበት ስፍራ ነውና፣ እንደ ወጉ ልበሺ፤ በእነዚህ መሟገትን እኔ አልመክርም።

እናትሽን ብቻዋን ቡና ስትቆላ አግኝተሽ በልጅነቷ ምን ተከልክላ እንደ ነበር ጠይቂያት። እናቴ ጸጉሯን በመቆረጧ ወር ሙሉ ከቤት እንዳትወጣ መደረጓን የነገረችኝ በእንዲህ ያለ ቡና ላይ ነው፤ በማግሥቱ ሱሪዬን ከገመድ አውርዳ ከራሷ ነጠላ ጋር አጥፋ አልጋዬ ላይ አኖረችልኝ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶችን የሚጨቁኑ ልማዶችን ይከለክላል፤ ይሁንና አንቀጽ ጠርቶ አባትን መሞገት እልህ እንጂ ፈቃድ አያስገኝም። ወንድም ወይም ባል እጁን ካነሣ ግን ዘዴው ሁሉ ይቅርና ወደ ሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ፖሊስ ሂጂ። ለዚያ ቀን የመታወቂያሽ ቅጂና የመሳፈሪያ ገንዘብ ከምታምኛት አክስትሽ ዘንድ አስቀድሞ ይቀመጥ።