ሶፍትነር ወይስ ፊልተር? ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ የማየው ማንቆርቆሪያውን ነው። ክዳኑን ከፍቼ ወደ ውስጥ አያለሁ። ሥሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ከተጋገረ ውሃው ጠንካራ ነው፣ ማለትም ካልሲየምና ማግኒዥየም በዝቶበታል። ከዚያ በላይ ግን ገና ምንም አላወቅሁም። ይሄኔ የቤቱ ሰው ይጠይቀኛል፦ «የትኛው ይሻላል? ሶፍትነር ወይስ ፊልተር?»

ሁለቱ ተፎካካሪ ዕቃዎች አይደሉም። ሶፍትነር ውሃ ውስጥ የሟሙትን ካልሲየምና ማግኒዥየም ያወጣል። በቃ፣ ሥራው እሱ ነው። ፊልተር ደግሞ እንደ ዓይነቱ ደለል፣ ክሎሪን፣ ሽታ፣ ጀርም ወይም የሟሟ ኬሚካል ይይዛል። አንዱ ቧንቧችሁን፣ ቦይለራችሁንና የልብስ ማጠቢያ ማሽናችሁን ያድናል። ሌላው የሚያስበው ለምትጠጡት ውሃ ነው። ይሄን ሳይለዩ ገንዘባቸውን የሚያፈሱ ሰዎች በጣም ያሳዝኑኛል፣ ስለዚህ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ሳያስመረምሩ መግዛት

ጎረቤት አስገባ ተብሎ አይገባም። የእሱ ውሃና የእናንተ ውሃ ከአንድ ምንጭ ላይመጣ ይችላል።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ቀላል ሙከራ አለ። ግልጽ የፕላስቲክ ጠርሙስ እስከ ግማሽ ውሃ ሙሉ፣ ጥቂት ጠብታ ተራ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ በደንብ ናጡት። አረፋው ከፍ ብሎ ከሥሩ ያለው ውሃ ጥርት ካለ ውሃችሁ ለስላሳ ነው። አረፋው ትንሽ ሆኖ ውሃው ከደፈረሰ ጠንካራ ነው። ማንቆርቆሪያው ላይ ያለው ነጭ ነገርም ኮምጣጤ ሲነካው ከፈላና ከሟሟ የጠንካራ ውሃ ቅርፊት ነው ማለት ነው።

ቁጥሩን ለማወቅ ግን የመመርመሪያ ወረቀት ወይም ላብራቶሪ ያስፈልጋል። ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ስንት ሚሊግራም ተብሎ ይጻፋል። እስከ 60 ለስላሳ፣ ከ61 እስከ 120 መካከለኛ፣ ከ121 እስከ 180 ጠንካራ፣ ከ180 በላይ በጣም ጠንካራ ነው። አንዳንድ የሶፍትነር መመሪያ በግሬይን ይጽፋል፤ በጋሎን 1 ግሬይን ማለት በሊትር 17.1 ሚሊግራም ነው። ውሃቸው 80 ሆኖ ሶፍትነር ያስገቡ ሰዎች አይቻለሁ። አያስፈልጋቸውም ነበር።

ደግሞ ያቺን እንደ እስክሪብቶ ውሃ ውስጥ የምትነከር የቲዲኤስ (ውሃ ውስጥ የሟሟ ነገር ጠቅላላ መጠን) መለኪያ ብቻ ይዛችሁ አትወስኑ። የምትለካው ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ ነው። ጀርም አታሳይም፣ የትኛው ማዕድን እንዳለም አትለይም። ከሶፍትነር በፊትና በኋላ ብትለኩባት ቁጥሩ ብዙም አይቀየርም፤ ካልሲየሙ ሲወጣ በቦታው ሶዲየም (ጨው ውስጥ ያለው) ስለሚገባ። አንድ ደንበኛ በዚህ የተነሳ ደህና የሚሠራ ሶፍትነር አስነቅሎ ሊመልስ ሲል ደርሻለሁ።

የምትጠቀሙት የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ጥንካሬውን ማወቅ ብቻውን አይበቃም። የባክቴሪያ፣ የናይትሬት፣ የፍሎራይድና የአርሰኒክ ምርመራ አሠሩ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር ለፍሎራይድ 1.5 ሚሊግራም፣ ለናይትሬት 50 ሚሊግራም፣ ለአርሰኒክ 0.01 ሚሊግራም ነው የሚለው። ባክቴሪያን በተመለከተ ደግሞ በ100 ሚሊሊትር ውስጥ አንድም ኢ. ኮላይ የሚባለው የሰገራ ባክቴሪያ መገኘት የለበትም።

ከሶፍትነር የወጣ ውሃ «ተጣርቷል» ብሎ መጠጣት

እዚህ ላይ ልቆጣ ነው፣ ታገሱኝ።

የሶፍትነሩን ጋን ከፍታችሁ ብታዩ ውስጡ ከሰናፍጭ ፍሬ የማይበልጡ የሬዚን (እንደ ፕላስቲክ ያለ ነገር) ፍሬዎች ናቸው። እርጥብ ናቸው፣ በእጅ ሲዘግኗቸው በጣት መሃል ሾልከው ይወርዳሉ። እያንዳንዷ ፍሬ ሶዲየም ተሸክማ ትቀመጣለች። ጠንካራው ውሃ ሲያልፍ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ትይዝና ሶዲየሟን ትለቃለች። ፍሬዎቹ ሲሞሉ ማሽኑ ከጨው ጋኑ የጨው ውሃ ስቦ ያጥባቸዋል። ካልሲየሙ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል፣ ፍሬዎቹም እንደገና ሶዲየም ይይዛሉ። እንግዲህ እዚህ ውስጥ ጀርም የሚገድል ምን አለ? ምንም። ናይትሬትና ፍሎራይድም ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ይሄ ሬዚን አይዛቸውም፣ ዝም ብለው ያልፋሉ። የክሎሪን ሽታም እንዳለ ይወጣል።

አንድ ቤት የጨው ጋኑ ችግር አለበት ተብዬ ሄድኩ። የጉድጓድ ውሃ ነው የሚጠቀሙት። ሥራዬን ጨርሼ እጄን ስታጠብ ትንሿ ልጅ ከዚያው ቧንቧ ብርጭቆ ሞልታ ጠጣች። «ሳይፈላ ነው እንዴ የምትጠጡት?» ብዬ እናትየውን ጠየቅኋት። «ሶፍትነር አለ እኮ» አለችኝ። የሸጠላቸው ሰው ውሃውን ያጠራዋል ብሏቸዋል። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ ያፈሉ ነበር። ሶፍትነሩ ሲገባ ማፍላቱን ተዉት። ልጆቹ ሆዳቸውን እየታመሙ ነበር፣ ማንም ከውሃው ጋር አላገናኘውም። ናሙና ወስደን ላብራቶሪ ስንልክ ኢ. ኮላይ ተገኘበት። የጉድጓዱ ክዳን ተሰንጥቆ ጎርፍ ይገባበት ነበር። ክዳኑ ተሠራ፣ ጉድጓዱ በክሎሪን ታከመ፣ ወጥ ቤት ደግሞ ጀርም የሚገድል የአልትራቫዮሌት መብራት ገባ። ሶፍትነሩ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሥራውን በትክክል ሲሠራ ነው የኖረው። ያልሠራው ለእነሱ የተነገራቸው ነገር ነው።

እኔም ከዚህ ንጹህ አይደለሁም። ሥራ ስጀምር አንድ ሶፍትነር ገጥሜ ስጨርስ ለቤቱ እመቤት «አሁን ውሃችሁ ንጹህ ነው» አልኳት። ያልኩት ሳላስብ ነው፣ ደስ እንዲላት። አብሮኝ የነበረው ትልቁ ባለሙያ እዚያው ፊቷ አቁሞ አረመኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ቃል ከሶፍትነር ጋር አስጠግቼው አላውቅም። የምትሸጡና የምትገጥሙ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እባካችሁ እናንተም አታስጠጉት።

ፊልተር ቅርፊቱን ያቆመዋል ብሎ መጠበቅ

ይሄ የተገላቢጦሹ ነው። በሻይ ውስጥ የሟሟ ስኳር ማጥለያ ላይ አይቀርም። ካልሲየምም እንደዚያው ነው። ሟሟ ነውና 5 ማይክሮን ይሁን 1 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው)፣ የደለል ማጣሪያ አልፎ ይሄዳል። የከሰል ማጣሪያም አያስቀረውም።

ቦይለሩ በተደጋጋሚ የሚቃጠልበት ሰው ነበር። በየጊዜው የዋናውን መስመር ፊልተር ካርትሪጅ (ተቀያሪውን ማጣሪያ) ይቀይራል፣ ይኸው ረዚስታንሱ፣ ማለትም ውሃውን የሚያሞቀው ብረት፣ ደግሞ ይቃጠላል። ስፈታው ረዚስታንሱ አይታይም፤ እንደ ኖራ ያለ ነጭ ቅርፊት ከዳር እስከ ዳር ለብሶታል። በመፍቻ ጀርባ ሳንኳኳው እየተፈረፈረ ወደቀ። ሙቀቱ በዚያ ቅርፊት ውስጥ አልፎ ውሃው ጋ መድረስ ስላቃተው ረዚስታንሱ ራሱን ነው ያቃጠለው። ለዚህ ቤት የሚያስፈልገው ሶፍትነር ብቻ ነበር።

«ፊልተር» ብሎ ዝም

ምን ዓይነት ፊልተር? የደለል ማጣሪያ አሸዋና ዝገት ይይዛል። ከሰል የክሎሪንን ሽታና ጣዕም፣ እንዲሁም ብዙ ኦርጋኒክ ኬሚካሎችን ይቀንሳል፤ ጀርም ግን አይገድልም። አልትራቫዮሌት ጀርሙን ድል ይነሳል፤ የሚያወጣው ነገር ግን የለም፣ ውሃው ደፍርሶ ከሆነም ብርሃኑ አይደርስም። ሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ማለትም አርኦ የሚባለው፣ ፍሎራይዱን፣ ናይትሬቱንና አርሰኒኩን ጭምር በብዛት ያስቀራል። ነገር ግን ከሚያስገባው ውሃ ከፊሉን ወደ ፍሳሽ ይለቃል፣ በጠንካራ ውሃ ላይ ደግሞ ሜምብሬኑ (ውሃው የሚያልፍበት ስስ ሽፋን) በቅርፊት ይደፈናል።

ማፍላትም የራሱ ልክ አለው። ጀርም ይገድላል፤ ናይትሬትና ፍሎራይድን ግን አያጠፋም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ውስጥ መጠናቸው ይጨምራል።

ቅደም ተከተሉን ማዛባት

ደለል ማጣሪያው ይቀድማል፣ ሶፍትነሩ ይከተላል፣ አርኦ ካለ መጨረሻ ወጥ ቤት ውስጥ ይሆናል። ሶፍትነሩ ከፊት ከሆነ አሸዋው ሬዚኑን ያበላሸዋል። የበዛ ክሎሪንና ብረትም ለሬዚን ጠላት ናቸው።

ሶዲየሙን መርሳት

በሊትር 300 ሚሊግራም ጥንካሬ ያለው ውሃ ሙሉ ለሙሉ ሲለሰልስ በእያንዳንዱ ሊትር ወደ 138 ሚሊግራም ሶዲየም ይጨመርበታል። ለጤነኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብዙ አይደለም። ቤት ውስጥ ጨው ቀንስ የተባለ የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ታማሚ ካለ ግን ሐኪሙን ጠይቁ። ለሕፃን የዱቄት ወተትም በለሰለሰ ውሃ አትበጥብጡ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለወጥ ቤቱ የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧ ከሶፍትነሩ በፊት የተለየ መስመር አውጡለት። የአትክልቱንም ቧንቧ እንደዚያው፤ ተክል ሶዲየም አይወድም። ይሄ ቧንቧው ሲዘረጋ ጥቂት ሰዓት የሚወስድ ሥራ ነው፣ ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ ግን መከራ ነው። ጠንካራ ውሃ ራሱ መጠጣቱ ጉዳት የለውም፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም ሰውነት የሚፈልጋቸው ናቸው።

መጠኑን በግምት መያዝ

4 ሰው፣ ለእያንዳንዱ 150 ሊትር፣ በቀን 600 ሊትር ነው። ጥንካሬው 300 ከሆነ ሶፍትነሩ በየቀኑ 180 ግራም የጥንካሬ ማዕድን መያዝ አለበት፣ በሳምንት 1,260 ግራም። ሻጩን ይሄን ቁጥር ይዛችሁ አነጋግሩት። ትንሽ ከገዛችሁ በየቀኑ እየታጠበ ጨውና ውሃ ይበላል።

«ጨው የማይፈልግ ሶፍትነር» የሚለውን ማመን

ካልሲየሙን ካላወጣ ሶፍትነር አይደለም። አንዳንዶቹ ቅርፊቱ እንዳይጣበቅ ሊያግዙ ይችላሉ፤ ውሃው ግን ጠንካራ እንደሆነ ይቀራል። ውሃ ያለሰልሳል እየተባለ ቧንቧ ላይ የሚታሰረውን ማግኔት እኔ ለማንም አልገጥምም።

ገጥሞ መርሳት

ያረጀ የከሰል ካርትሪጅ የባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል። መመሪያው ላይ ያለው ጊዜ ሲደርስ ቀይሩት፤ ውሃው ጥሩ ይጣፍጣል ብላችሁ አታሳልፉት። የቀየራችሁበትን ቀን በማርከር የካርትሪጁ ማቀፊያ ላይ ጻፉት።

ሶፍትነሩ ላይ ደግሞ ጨዉን እዩ። አንዲት አሮጊት እናት ደውለው «ልጄ፣ ጨዉ ሞልቶ ውሃው እንደገና ሳሙና አላረፋ አለኝ» አሉኝ። ሄጄ ክዳኑን ስከፍት እውነትም ሙሉ ነው። የመጥረጊያ እንጨት አስመጥቼ ወደ ታች ስገፋው አንድ ክንድ ያህል ወርዶ ተሰነጠቀ። ላዩ እንደ ድንጋይ ደርቆ ድልድይ ሠርቷል፣ ከሥሩ ባዶ ነው። ውሃው ጨዉን ሳይነካው ነበር ሬዚኑን ለማጠብ የሚሄደው። ድልድዩን ሰባብሬ አወረድኩት፣ ማሽኑን በእጅ አስነስቼ አሳጠብኩት። በማግሥቱ ደውለው «አረፋ» አሉኝ። እናንተም ጨው ከጨመራችሁ በኋላ ለሳምንታት ቁመቱ ካልቀነሰ ሌላ ጨው ከመጨመራችሁ በፊት እንጨት አስገብታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ነካ ነካ አድርጉት፣ የጋኑን ግድግዳ ግን እንዳትመቱት።