ስልኩን ሳይነጥቁ የልጅዎን ጥናት ለማዳን

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ወይም ቦሌ አራብሳ የሚኖር የ10ኛ ክፍል ተማሪ ያለ ቴሌግራም ይማር ማለት ከባድ ነው። ወርክሺቱ የሚላከው በክፍሉ ግሩፕ ነው። የታተመ መጽሐፍ ያልደረሰው ልጅም የሚያነበው ከዚያው ያወረደውን ፒዲኤፍ ነው። ስልኩን የነጠቀ ወላጅ ትምህርቱንም አብሮ ይነጥቃል፤ ቲክቶኩን ደግሞ ልጁ በጓደኛው ስልክ ማየቱን አይተውም። መለወጥ ያለበት ሰዓቱ ነው፤ በተለይ ሌሊቱ።

መጀመሪያ ለ7 ቀን ምንም ሳይከለክሉ ይመዝግቡ። አብዛኛው አንድሮይድ ስልክ ሴቲንግ ውስጥ ዲጂታል ዌልቢንግ የሚባል ክፍል አለው። ዳሽቦርዱ እያንዳንዱ አፕ በቀን ስንት ሰዓት እንደወሰደ፣ ስልኩም ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ያሳያል። ቁጥሩን ልጁ ራሱ ደብተር ላይ ይጻፈው። በዚህ ሳምንት አይቆጡ፤ ከተቆጡ መደበቅ ይጀምራል።

ከዚያ ማታውን አብራችሁ ከፋፍሉት። ከ12:00 እስከ 12:20 ዳታ ከፍቶ ወርክሺቱን ያውርድ፣ ያልገባውን ግሩፑ ላይ ይጠይቅ። ከዚያ ዳታው ይዘጋ፤ የወረደ ፒዲኤፍ ያለ ዳታም ይከፈታል። እስከ 2:00 ድረስ 45 ደቂቃ አጥንቶ፣ 10 ደቂቃ አርፎ፣ እንደገና 45 ደቂቃ ያጥና። ከእራት በኋላ ከ2:30 እስከ 3:00 ያለው ጊዜ የራሱ ነው፤ ቲክቶክም ይሁን ፌስቡክ አይጠይቁት።

በጥናት ሰዓት ስልኩን ሳይለንት አድርጎ አጠገብ ማስቀመጥ አይበቃም። ልጁ ኳድራቲክ ኢኩዌሽን እየሠራ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ስልኩ ይነዝራል። «እሺ» ብሎ ለመመለስ 10 ሰከንድ አይፈጅበትም። ወደ ደብተሩ ሲመለስ ግን ማይነሷን ይዘላታል፤ መልሱ አልመጣ ሲለው ከመጀመሪያው መስመር ይጀምራል። ስለዚህ ፒዲኤፍ ካላስፈለገው ስልኩ ሳሎን ቡፌው ላይ ይቀመጥ። ቤቱ ስቱዲዮ ከሆነም ከጀርባው ራቅ ብሎ ይሁን።

ትልቁ ጉዳት ሌሊት ነው። የሌሊት ጥቅል ከቀኑ ስለሚረክስ ልጆች ቤተሰብ ተኝቶ ሳለ ይከፍቱታል። በዚህ ዕድሜ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል፤ የተጠናው ነገር አእምሮ ውስጥ የሚረጋውም በእንቅልፍ ነው። ትምህርት ቤቱ ሩቅ ሆኖ ከሌሊቱ 11:30 የሚነሳ ልጅ፣ 8 ሰዓት እንዲተኛ 3:30 አልጋው ውስጥ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ የአፕ ታይመር (አንድ አፕ በቀን የሚከፈትበትን ሰዓት የሚገድብ ሴቲንግ) ሞልቶ ይዘናጋል። ታይመሩ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስለሚታደስ፣ ነቅቶ የጠበቀ ልጅ የነገውን ድርሻ ያኔውኑ ይጀምራል። ፌስቡክ ላይ የተሞላ ታይመርም በክሮም ሲገባ አይዝም። ቲክቶክ ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ የ60 ደቂቃ ገደብ አለው፤ ልጁ አካውንቱን ሲከፍት ዕድሜውን ጨምሮ ከሆነ ግን አይሠራም። አስተማማኙ መንገድ 3:00 ላይ ስልኩ ወላጆች መኝታ ክፍል ቻርጅ ላይ እንዲሰካ ማድረግ ነው። የእርስዎም ስልክ አብሮ ይሰካ፤ አለበለዚያ ሕጉ ሳምንት አይቆይም። «አላርም ያስፈልገኛል» ካለ ትንሽ የባትሪ ሰዓት ይግዙለት። «መብራት ሲጠፋ በምን ላጥና?» ካለም ቻርጅ የሚደረግ መብራት ያዘጋጁ። ሁለቱም ሰበብ ብቻ አይደሉም፤ እውነተኛ ችግሮች ናቸው።

ለ12ኛ ክፍል ተማሪ አንድ ነገር ይጨመር፦ ፈተናው ሲቃረብ «ፈተናው እጃችን ላይ አለ» እያሉ ብር የሚጠይቁ የቴሌግራም ቻናሎች ይበዛሉ። አብራችሁ ተቀምጣችሁ ከቻናሎቹ ውጡ። ብሩ ብቻ ሳይሆን የጥናቱ ሰዓትም ይበላል።

ውጤቱን በአንድ ቴስት አይፍረዱ። ለ4 ሳምንት ያህል የተከታታይ ምዘናውን ነጥብ ከዳሽቦርዱ ቁጥር ጎን ይጻፉ። እንቅልፉ ተስተካክሎ፣ ሰዓቱም ቀንሶ ነጥቡ ካልተነሳ ጥፋቱን ስልኩ ላይ መጫን ይተዉ። ዓይኑን ያስመርምሩ፤ የክፍል ኃላፊ መምህሩንም ከየትኛው ክፍል ጀምሮ ሒሳብ እንዳመለጠው ይጠይቁ።