ሁለት ማራቶን ሮጣችሁ የትኛው እንደተሻለ እንዴት ታውቃላችሁ?

ሱሉልታ እየኖሩ መሮጥ ትንሽ ያሳፍራል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ አስፋልት ዳር ስጎተት፣ ቱታ የለበሱ ልጆች እያወሩና እየሳቁ ሽው ብለው ያልፉኛል። እነሱ ሰውነት እያፍታቱ ነው። እኔ ሙሉ አቅሜን ጨርሻለሁ። የሰፈራችን ጥበቃ ደግሞ ከውድድር በተመለስኩ ቁጥር የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ልጄ፣ ስንተኛ ወጣህ?»

«ኧረ አባባ፣ እኔ ለጤና ነው የምሮጠው» እላቸዋለሁ። አይዋጥላቸውም። ባለፈው ግን ጥያቄውን ቀየሩት። «እሺ፣ ካቻምና ከሮጥከው ተሻልክ?»

ይሄ ከበደኝ። ካቻምና የሮጥኩት እዚሁ ደጋ ላይ ነው፤ 4 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ፈጀብኝ። ዘንድሮ ዱባይ ላይ ሮጬ 4:05:00 ገባሁ። «በ23 ደቂቃ ተሻልኩ» ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ማታ ደብተርና የስልክ ካልኩሌተር ይዤ ስቀመጥ ግን ሌላ ነገር ወጣ፦ ዱባይ ላይ የሮጥኩት የባሰ ነው። ፈጣን ሆኜ፣ ግን የባሰ። እንዴት እንደደረስኩበት ላሳያችሁ።

መጀመሪያ፣ ትክክለኛውን ሰዓት ያዙ

ከእጅ ሰዓታችሁ ሳይሆን ከውድድሩ ውጤት ላይ ውሰዱ፤ ያውም የቺፑን (የመነሻና የመድረሻ መስመሩን ስትረግጡ ሰዓታችሁን የሚመዘግበውን)። ሕዝብ በበዛበት ውድድር ከኋላ ከተሰለፋችሁ ሽጉጡ ከተተኮሰ በኋላ መነሻው መስመር ላይ እስክትደርሱ ደቂቃዎች ያልፋሉ፣ እሱ የእናንተ ዕዳ አይደለም። ከዚያ የየ5 ኪሎ ሜትሩን ሰዓት ገልብጡ። ማራቶን 42.195 ኪሎ ሜትር ስለሆነ የመጨረሻዋ ቁራጭ 5 ሳትሆን 2.195 ኪሎ ሜትር መሆኗን አትርሱ።

የእጅ ሰዓቱን ለምን ተውነው? ጂፒኤሱ 42.7 ምናምን ብሎ ሊያሳያችሁ ይችላል። ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ «መንገዱን አስረዝመውብናል» ብሎ ይናደዳል። መንገዱ የሚለካው በአጭሩ መስመር ነው፣ ኩርባውን ጥግ ጥጉን ይዞ። እናንተ ደግሞ ውሃ ፍለጋ ወዲያ፣ ሰው ለማለፍ ወዲህ ስትሉ ትጨምራላችሁ። በእርግጥ ለኪዎችም መንገዱ አጥሮ እንዳይገኝ በየኪሎ ሜትሩ አንድ አንድ ሜትር ይጨምራሉ፤ ግን እሱ ተደምሮ 42 ሜትር ብቻ ነው።

ወደ ሰከንድ ቀይሩት

ፔስ ማለት አንድ ኪሎ ሜትር የሚፈጅባችሁ ጊዜ ነው። የኔን 4:05:00 እንውሰድ። 4 ሰዓት 14,400 ሰከንድ ነው፣ 5 ደቂቃ 300። ድምሩ 14,700። ለ42.195 ሲካፈል 348 ሰከንድ ይሆናል፣ ማለትም 5:48። እባካችሁ 5:48ን ካልኩሌተር ላይ 5.48 ብላችሁ እንዳታስገቡ። እኔ አስገብቼ አንድ ሙሉ ማታ በሐሰት ስደሰት አድሬያለሁ።

የደጋው ደግሞ 16,100 ሰከንድ ነው፣ በኪሎ ሜትር 382 ገደማ። 6:22።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው

6:22 እና 5:48 ጎን ለጎን ተቀምጠው ስታዩ ማወዳደር ያምራችኋል። ተዉት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሱሉልታ ከዚያም ይበልጣል። አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ነው፣ ግፊቱ ግን ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ስለሚያንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኙት ይቀንሳል። ዱባይ ባሕሩ ዳር ነው፣ ለጥ ያለ ሜዳ። እዚህ የዘገየ ሰው እዚያ ቢፈጥን ምን ይገርማል?

መንገድ ሰዓትን ምን ያህል እንደሚቀይር ለማየት እ.ኤ.አ. በ2011 ቦስተን ላይ የሆነውን አስታውሱ። ኬንያዊው ሯጭ ጄፍሪ ሙታይ 2:03:02 ገባ። በወቅቱ ከነበረው የዓለም ክብረ ወሰን የፈጠነ ነበር፣ ግን አልተመዘገበለትም፤ መንገዱ ከአንድ ቦታ ተነስቶ ሌላ ቦታ የሚያልቅና ከተፈቀደው በላይ ቁልቁል የሚወርድ ስለሆነ። ለሱ ያልሆነ ለኔና ለናንተ አይሆንም።

ስለዚህ ራሳችሁን ከራሳችሁ አማካይ ጋር አወዳድሩ

ዋናው ስሌት ይሄ ነው። የእያንዳንዱን 5 ኪሎ ሜትር ፔስ ለዚያው ውድድር አማካይ ፔስ አካፍሉ። ከ1 ካነሰ ከአማካያችሁ ፈጥናችኋል፣ ከበለጠ ዘግይታችኋል። ከፍታውም ሙቀቱም አብዛኛው ከስሌቱ ይወጣል፣ ምክንያቱም አማካዩ ውስጥ ቀድመው ገብተዋል። የሚቀረው የእናንተ ጠባይ ነው።

የኔ ደብተር ላይ እንዲህ ተጽፏል፦

ደጋ። የመጀመሪያው 5 ኪሎ ሜትር 29:35፣ በኪሎ ሜትር 355 ሰከንድ። ለ382 ሲካፈል 0.93፣ ማለትም 7 በመቶ ፈጣን። ከ35 እስከ 40 ደግሞ 35:50፣ 430 ሰከንድ። 1.13፣ 13 በመቶ ዘገምተኛ።

ዱባይ። የመጀመሪያው 5 ኪሎ ሜትር 26:00፣ 312 ሰከንድ። 0.90፣ ማለትም 10 በመቶ ፈጣን። ከ35 እስከ 40፣ 34:10፣ 410 ሰከንድ። 1.18።

ይኸው። ዱባይ ላይ አየሩ ሲቀለኝ ጊዜ ክንፍ ያወጣሁ መሰለኝና በረርኩ፣ ከዚያ 30 ላይ ነዳጅ ጨርሼ እግሬ እምቢ አለኝ፣ 37ኛው ኪሎ ሜትር ላይ አንዲት ሴትዮ በእርምጃ አለፈችኝ። በእርምጃ!

ግማሹን ከግማሹ

ለቸኮለ ሰው አጭሩ መንገድ ይሄ ነው። ሁለተኛውን ግማሽ ለመጀመሪያው አካፍሉ። ደጋ ላይ 2:06:40 ሄጄ በ2:21:40 ጨረስኩ፤ 12 በመቶ ገደማ ዘገየሁ። ዱባይ ላይ 1:53:20 ሄጄ በ2:11:40፤ 16 በመቶ።

ጎበዞቹስ? ትዕግሥት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን 2:11:53 ስትገባ የመጀመሪያውን ግማሽ በ66:20፣ ሁለተኛውን በ65:33 ነው የሮጠችው። እየፈጠነች ጨረሰች። ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ በ2022 እዚያው በርሊን 2:01:09 ሲገባ 59:51 ሄዶ 61:18 ነው የጨረሰው፣ 2.4 በመቶ መዘግየት። እኛ 2.4 አናመጣም፣ ራሳችንን አናታልል። እኔ ከ5 በመቶ በታች ካወረድኩት ድግስ እደግሳለሁ።

ቁጥር የማይነግራችሁን ጎን ላይ ጻፉ

ሌሊቱን ስንት ሰዓት ተኛችሁ፣ ጠዋት ምን በላችሁ፣ ንፋሱ ከየት ነበር፣ ዳገቱ ስንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ሽንት ቤት ቆማችሁ ከሆነም ጻፉ፣ አታፍሩ። ደጋው ላይ ከ20 እስከ 25 ያለው ሰዓቴ ድንገት ሁለት ደቂቃ ዘልሎ ብዙ አሳስቦኝ ነበር፤ ለካ የጫማ ማሰሪያዬ ተፈቶ፣ ጣቴ ደንዝዞ ማሰር አቅቶኝ ነው። ያልጻፈ ሰው ይሄን «ደከምኩ» ብሎ ነው የሚያነበው። ዳገት ያለበት ቁራጭም እንዲሁ ነው፤ እሱን ከሜዳ ጋር አታወዳድሩት፣ ሌላ ውድድር ላይ ካለ ዳገት ጋር እንጂ።

ከዚያ ለቀጣዩ አንድ ቁጥር ብቻ ውሰዱ

አሥር ነገር ለማረም አትሞክሩ። የኔ በሽታ የመጀመሪያው 5 ኪሎ ሜትር መሆኑ ከሁለቱም ገጽ ላይ ታይቷል። በሚቀጥለው 4 ሰዓት መግባት ነው የምፈልገው፣ ይህም በኪሎ ሜትር 5:41 ነው። የመጀመሪያው 5 ኪሎ ሜትር 28:26 ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ ቀድሜ ከደረስኩ አጥፍቻለሁ።

ለጥበቃው ይሄንን ሁሉ ካስረዳኋቸው በኋላ ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ቀስ ብለህ ብትነሳስ?» አሉኝ። እኔ አንድ ማታ ሙሉ ያሰላሁትን!

እናንተም የራሳችሁን ቁጥር፣ እንደኔ 28:26፣ በእስክሪብቶ እጃችሁ ላይ ጻፉ። መዳፍ ላይ ግን አይሆንም፣ ላቡ 3 ኪሎ ሜትር ሳትደርሱ ያጠፋዋል። ክንዳችሁ ላይ፣ ከውስጥ በኩል።