የአርብ ማታ የአፈር ትራክ ውድድር፦ የት ተቀምጦ፣ ምን ማየት

ዲሲና ሜሪላንድ አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ፣ አንድ የበጋ አርብ ሁለት ሰዓት ገደማ ነድታችሁ ፔንስልቬኒያ፣ መካኒክስበርግ ግቡ። እዚያ ዊሊያምስ ግሮቭ ስፒድዌይ አለ። ከ1939 ጀምሮ ያለ፣ ዙሪያው ግማሽ ማይል የሆነ የአፈር ትራክ ነው። «መኪና ወደ ግራ ሲዞር ቢውል ምን ይታያል?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እኔ ሁሌም «መጀመሪያ አፈሩን ማየት ተማሩ» እላለሁ። ለእኔ ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት ዝናብ መኖር አለመኖሩን እዩ፤ ከዘነበ ይሰረዛል። የጆሮ መከላከያ ያዙ፤ ለልጆች ደግሞ ግድ ነው። ጃኬትም አትርሱ፣ ማታ ይበርዳል።

ስትቀመጡ ወደ ላይ ውጡ። ታች፣ መታጠፊያው አጠገብ፣ ከጎማ የሚፈናጠር ጭቃ ፊታችሁ ላይ ያርፋል። ከላይ ግን ትራኩ በሙሉ ይታያችኋል።

ቀደም ብላችሁ ድረሱ፤ አነሳሳቸው ራሱ ትርዒት ነው። እዚህ የሚሽቀዳደመው፣ ስፕሪንት ካር የሚባለው ትንሽ የውድድር መኪና ባትሪ የለውም፣ ማስነሻ ሞተር የለውም፣ ፍሪሲዮንም የለውም። ፒካፕ ከኋላ እየገፋ ነው የሚያስነሳው። ከሹፌሩ ጋር 650 ኪሎ ገደማ ለሚመዝን መኪና 900 አካባቢ የፈረስ ጉልበት ያለው፣ በሜታኖል የሚሠራ ሞተር ተገጥሞለታል። የኋላ ጎማዎቹንም ልብ በሉ። የቀኙ ከግራው በግልጽ ይተልቃል፤ መኪናው በራሱ ወደ ግራ እንዲስብ ነው።

አሁን ወደ አፈሩ። መጀመሪያ ላይ ውሃ ጠግቧል፣ መልኩም ጥቁር ቡናማ ነው። ጎማ ይይዛል። በማጣሪያዎቹ ሹፌሮች ነዳጅ ብዙም ሳይለቁ ይታጠፋሉ፣ አንድ ዙር 20 ሰከንድ አይሞላም። እየመሸ ሲሄድ አፈሩ ይደርቃል። ጎማ የበዛበት መስመር እንደተሟሸ ምጣድ ያብለጨልጫል፣ ያዳልጣል። ያኔ ጉልበት ብቻውን አይበቃም፤ ነዳጅ አብዝቶ የረገጠ ጎማው ባዶውን ይሽከረከራል።

ጎማዎች እየጠረጉ ወደ ውጭ የሚጥሉት አፈር ደግሞ ወደ ላይኛው ጠርዝ ይከመራል። ኩሺን ይሉታል። ደፋሩ ሹፌር የቀኝ የኋላ ጎማውን እሱ ላይ አስደግፎ፣ ነዳጁን ረግጦ ይበራል። መንገዱ ይረዝማል፣ ግን ፍጥነቱ አይወርድም። ትንሽ ካለፈው ሊገለበጥ ይችላል። ሌላው ታች፣ ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ተጠግቶ፣ በቀስታ፣ በአጭሩ ይዞራል። ሁለቱ ከመታጠፊያው ጎን ለጎን ሲወጡ ማየት ነው እንግዲህ!

አንድ ነገር በቅርብ እዩልኝ፦ ጣሪያው ላይ ያለውን ትልቅ ክንፍ። ሹፌሩ እየነዳ፣ ከመቀመጫው ሆኖ ወደ ኋላ ሊገፋው ይችላል። ትራኩ ማዳለጥ ሲጀምር ክንፉ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ጭነቱ የኋላ ጎማዎች ላይ ያርፋል። ማን ቀድሞ እንደገፋው፣ ማን እንዳዘገየው ተከታተሉ። ጎበዝ ሹፌር የሚለየው እንዲህ ባለው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ባንዲራው ቀላል ነው። አረንጓዴ ሂድ፣ ቢጫ ቀንሰህ ተሰለፍ፣ ቀይ ቁም፣ ነጭ አንድ ዙር ቀረ። ዳማ ዳማው ሲውለበለብ አለቀ።

ዋናው ውድድር ብዙ ጊዜ 25 ዙር ነው። መሪው ላይ ዓይናችሁን አትትከሉ፤ ብቻውን ሊሮጥ ይችላል። ከኋላ የተነሳ አንድ መኪና ምረጡና እሱን ብቻ ተከተሉ። የት መስመር እንደቀየረ፣ ማንን ከላይ፣ ማንን ከታች እንዳለፈ ታያላችሁ።

ሲያልቅ ቶሎ አትሂዱ። በብዙ ትራኮች ተመልካች ወደ መኪኖቹ ሄዶ ሹፌሮቹን ማነጋገር ይችላል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ጠጋ በሉ፣ መኪናውን የለበሰውን ጭቃ እዩ። ከዚያ ሹፌሩን «ዛሬ ላይኛው መስመር መቼ ነው የተሻለው?» በሉት። እኔ ይህን ስጠይቅ ፊት የነሳኝ ሹፌር የለም።