ደብረ ማርቆስን በባጃጅ አትዙሩት

ደብረ ማርቆስ ስትገቡ ዋናውን አስፋልት ብቻ አይታችሁ አትውጡ። የድሮ ስሟ መንቆረር ነው፣ ብርዷም ጠዋት ጠዋት አይቻልም፣ ስለዚህ ጋቢ ወይ ወፍራም ጃኬት ያዙ። እኔ በቲሸርት ወጥቼ ሁለት ስኒ ቡና ነው ያዳነኝ!

በባጃጅ እስከ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሂዱና እዚያ ውረዱ። ከቅዳሴ በኋላ ዛፉ ሥር የሚቀመጡ አባቶች አይጠፉም። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ «አባቴ፣ የንጉሡ ግቢ በየት በኩል ነው?» ማለት ብቻ ነው፤ በ1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ያነገሧቸውን የራስ አዳልን፣ ማለትም የጎጃሙን ንጉሥ የተክለ ሃይማኖትን ታሪክ ከማንም አስጎብኚ በላይ ያወሩላችኋል። ካሜራ ግን ሳታስፈቅዱ አታውጡ።

ከዚያ በእግር ወደ ውስጥ ውስጡን ግቡ። ጭቃው የተላጠ፣ ጭዱ ብቅ ብቅ ያለበት የድሮ ቤት ግድግዳ ታገኛላችሁ። እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ የተደፋበት በር ካያችሁ ጠላ ቤት ነው፣ ጎራ በሉ። ክረምት ከሆነ ቦቲ አድርጉ፣ ጭቃው ነጭ ስኒከር አያውቅም።