ቁጥሩ ከየት መጣ? የኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ የኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር ምህንድስና የሚማር ልጅ ሦስተኛ ዓመት ሲደርስ የሚጥለው ሂሳቡ አይደለም። ኢንቴግራሉን አሳምሮ ይሠራል፤ የፎሪየርን ሰንጠረዥ በቃሉ ይወጣዋል። የሚያስገባው ቁጥር በምን ሁኔታ ላይ ተለክቶ እንደተገኘ ግን አይጠይቅም። የመልመጃ ወረቀትና የቤተ ሙከራ ሪፖርት ሳርም ከማያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ይመነጫሉ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና መጥቶ ጣጣውን አብሶታል። ምርጫ አውጪው ሰው ተማሪው የት እንደሚሳሳት ያውቃል፤ በተሳሳተው መንገድ የሚገኘውን መልስ ከምርጫዎቹ በአንዱ ላይ አስቀምጦ ይጠብቀዋል።

ዳዮድ ሁሉ 0.7 ቮልት ነው ብሎ ማመን

0.7 ቮልት ማለት አንድ የሲሊከን ዳዮድ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ አካል)፣ በክፍል ሙቀት፣ ጥቂት ሚሊአምፔር ሲያልፍበት በግምት የሚያሳየው ቮልቴጅ ነው። ከዚህ ዐረፍተ ነገር አንዱን ሐረግ ብታወጡ ቁጥሩ ይፈርሳል።

ከረንቱ ወደ አንድ ዐሥረኛው ሲወርድ ቮልቴጁ 60 ሚሊቮልት ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ጥቂት ማይክሮአምፔር ብቻ በሚያልፍበት ሰርኪዩት 0.5 ቮልት ማንበብ ያለ ነገር ነው፤ ዳዮዱን ነቅሎ መጣል አያስፈልግም። ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። ከረንቱ ሳይለወጥ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር 2 ሚሊቮልት ያህል ይወርዳል። ያንኑ ዳዮድ ሐምሌ ጠዋት ደብረ ማርቆስ ላይ በ12 ዲግሪ፣ ሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ባሕር ዳር ላይ በ30 ዲግሪ ለካነው ብንል፣ በሁለቱ ንባቦች መካከል 36 ሚሊቮልት ልዩነት መጠበቅ አለብን።

የባሰው ስህተት 0.7ን ወደ ኤልኢዲ፣ ብርሃን ወደሚሰጠው ዳዮድ፣ ይዞ መሄድ ነው። ኤልኢዲ ከሲሊከን አይሠራም። የሚፈነጥቀው ብርሃን ቀለም ስለ ቮልቴጁ ይናገራል፦ 1240ን በናኖሜትር ለተለካው የሞገድ ርዝመት ስናካፍል የፎቶኑን ጉልበት በኤሌክትሮን ቮልት እናገኛለን። 630 ናኖሜትር የሆነው ቀይ 1.97፣ 450 ናኖሜትር የሆነው ሰማያዊ 2.76 ይሆናል። በመልቲሜትር የሚለካውም ቮልቴጅ ከዚሁ አይርቅም፤ ቀዩ 2፣ ሰማያዊው 3 ቮልት ገደማ ነው። በ5 ቮልት ምንጭና በ220 ኦም ሬዚስተር ቀዩን ብናበራ 13.6 ሚሊአምፔር፣ ሰማያዊውን ብናበራ 9.1 ሚሊአምፔር ያልፋል። በ0.7 ያሰላ ተማሪ ለሁለቱም 19.5 ሚሊአምፔር ጽፎ፣ ከዚያ ሬዚስተሩ የተበላሸ ነው ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። ሬዚስተሩ ምን አጠፋ?

ሙቀትን በሴልሺየስ ማስገባት

ይህ አጭር ነው፤ ግን በየፈተናው ነጥብ ይበላል። በዳዮድ እኩልታ ውስጥ ያለው የሙቀት ቮልቴጅ በ300 ኬልቪን፣ ማለትም በ27 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ 26 ሚሊቮልት ያህል ነው። 27 ዲግሪን እንዳለ ያስገባ ተማሪ 2.3 ሚሊቮልት ያገኛል፤ ይህ በኤክስፖኔንሺያሉ ውስጥ ሲገባ በ0.7 ቮልት ላይ ላለ አንድ ትንሽ ዳዮድ ከመቶ በላይ ዜሮ ያለው አምፔር ይወጣል። የሚገርመኝ ስህተቱ አይደለም፤ መልሱን ሁለት ጊዜ አስምሮበት ወደሚቀጥለው ጥያቄ መሄዱ ነው።

ኤን ዓይነት ሴሚኮንዳክተር ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው ማለት

የለውም። ፎስፈረስ የተጨመረበት ሲሊከን ነፃ ኤሌክትሮኖች ይበዙበታል፤ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ግን ትቶት የሄደው ፖዘቲቭ አዮን እዚያው ቆሟል። ድምሩ ዜሮ ነው። ቻርጅ የሚታየው ኤን ዓይነቱ ከፒ ዓይነቱ ጋር በሚገጥምበት በፒኤን መገናኛው ዳርና ዳር፣ ኤሌክትሮኖቹና ሆሎቹ (ኤሌክትሮን የጎደለባቸው ቦታዎች) በተጠራረጉበት ቀጭን ሽፋን ውስጥ ብቻ ነው። በዚህ ሽፋን ውስጥ የሚፈጠረውን የውስጥ ቮልቴጅ በመልቲሜትር ለመለካት ዳዮድ አገናኝቶ የሚጠብቅ አለ፤ መልቲሜትሩ ዜሮ ያሳየዋል፣ ምክንያቱም በብረቱና በሴሚኮንዳክተሩ መገናኛ ላይ ያሉት ቮልቴጆች ያጣፉታል።

እዚህ ላይ ስለ መጻሕፍት አንድ ነገር ልበል። ንጹሕ ሲሊከን በክፍል ሙቀት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ስንት ነፃ ኤሌክትሮን አለው ሲባል የቆየው መጽሐፍ 15 ቢሊዮን፣ አዲሱ 10 ቢሊዮን ይላል። የልኬቱ ጥራት እየተሻሻለ ስለሄደ ነው። ሁለት ጓደኛሞች ከሁለት መጽሐፍ ሠርተው የውስጥ ቮልቴጁ በ21 ሚሊቮልት ቢለያይባቸው ሁለቱም ልክ ናቸው። አንዱን ቁጥር ከአንዱ መጽሐፍ፣ ሌላውን ከሌላው እየቆነጠረ የሚሠራው ሦስተኛው ጓደኛቸው ግን ልክ አይደለም።

ናሙናን በሁለት እጥፍ ልክ መውሰድ

ናሙና መውሰድ ማለት ሞገድን በእኩል የጊዜ ርቀት እየለኩ ወደ ቁጥር መለወጥ ነው። የናሙና ሕጉ የናሙናው ፍጥነት ከከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ሁለት እጥፍ በላይ ይሁን ይላል። “በላይ” የምትለዋ ቃል በየደብተሩ ትጠፋለች። 100 ሄርትዝ የሆነ የሳይን ሞገድ በሰከንድ 200 ጊዜ ናሙና ቢወሰድበትና መነሻው ዜሮ ላይ ቢገጥም፣ ናሙናዎቹ ሁሉ ዜሮ ይሆናሉ። ሞገዱ አለ፤ ኮምፒውተሩ ግን ጸጥታ ነው የሚያየው።

ከዚህ የሚከፋው ፊልተሩን ከናሙናው በኋላ ማስቀመጥ ነው። በሰከንድ 8000 ናሙና በሚወስድ ሲስተም ላይ 7000 ሄርትዝ የሆነ ድምፅ ቢገባ 1000 ሄርትዝ መስሎ ይመጣል። አንዴ 1000 ከመሰለ በኋላ ከእውነተኛው 1000 የሚለየው ምንም ምልክት የለም፤ ማትላብም ሆነ ፓይተን አይመልሰውም። ፊልተሩ ሞገዱን ወደ ቁጥር ከሚለውጠው መቀየሪያ በፊት፣ በሬዚስተርና በካፓሲተር፣ በአናሎግ መሠራት አለበት። የስልክ መሐንዲሶች ድምፅን ከ300 እስከ 3400 ሄርትዝ ብቻ አሳልፈው 8000 ናሙና የሚወስዱትም ለዚህ ነው፤ በ3400 እና በ4000 መካከል ያለው ክፍተት ፊልተሩ ተዳፍኖ የሚያልቅበት ቦታ ነው።

ተማሪዎች በዚህ የሚሸወዱት ፕሮጀክታቸውን መጀመሪያ በላፕቶፕ ስለሚሞክሩ ይመስለኛል። የላፕቶፑ የድምፅ ካርድ ፊልተሩን በውስጡ ይዞ ይመጣል። ያው ፕሮግራም ወደ አርዱዊኖ (ትንሽ የማይክሮኮንትሮለር ሰሌዳ) ሲዛወር ይህ ጥበቃ የለም፤ ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ እንግዳ ድምፆች ማሳየት ይጀምራል፤ ቡድኑም ሌሊቱን ሙሉ ኮድ ሲፈትሽ ያድራል።

ናሙና ሲበዛ ፍሪኩዌንሲ ይጠራል ብሎ ማሰብ

የክራር ድምፅ ቀርጾ ቅኝቱ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይስ አንቺሆዬ መሆኑን በኮምፒውተር መለየት ጥሩ የመመረቂያ ርእስ ነው፤ ለጎጃም ልጅ ደግሞ ክራሩም ደርዳሪውም ቅርብ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ድምፁን ወደ ፍሪኩዌንሲዎቹ የሚበትነው የፎሪየር ትንተና ላይ ነው። በሰከንድ 8000 ናሙና ወስዶ 1024ቱን የተነተነ ተማሪ ፍሪኩዌንሲውን የሚያየው በየ7.8 ሄርትዝ ብቻ ነው። በ130 ሄርትዝ አካባቢ የግማሽ ድምፅ ልዩነት ራሱ 7.8 ሄርትዝ ገደማ ነው። ቅኝትን ከቅኝት የሚለየው አንዳንዴ ይኸው ግማሽ ድምፅ ነውና ሁለቱ ተጣብቀው አንድ ጉብታ ሆነው ይታዩታል።

ቀጥሎ የሚመጣው መፍትሔ ሁልጊዜ ያስቀኛል፤ ናሙናውን ወደ 44,100 ማሳደግ። በ1024 ነጥብ ላይ ይህ ልዩነቱን ከ7.8 ወደ 43 ሄርትዝ ያሰፋዋል። ሁለተኛው መፍትሔ 1024ቱ ላይ ዜሮዎች ጨምሮ 8192 ማድረግ ነው። ሥዕሉ ይለሰልሳል፣ ለሪፖርትም ያምራል። ነጠላ ድምፅ ከሆነ ጫፉ የት እንዳለ በቅርበት ለማግኘትም ይረዳል። ሁለት የተጣበቁ ድምፆችን ግን አይለያይም፤ ዜሮ አዲስ መረጃ አይዞም።

የሚያጠራው የቆይታ ጊዜ ነው። አንድ ሰከንድ ሙሉ የተቀረጸ ድምፅ 1 ሄርትዝ ድረስ ያሳያል፤ የናሙናው ፍጥነት ምንም ይሁን። ነገር ግን የክራር ክር ተመትቶ ወዲያው እየደከመ ስለሚሄድ አንድ ሰከንድ ሙሉ አይጠብቅም። መሰንቆ በደጋን ስለሚመታ ድምፁ ይቆያል፤ በፋንታው ደርዳሪው ጣቱን ያንሸራትታል፣ ፍሪኩዌንሲውም አብሮ ይሄዳል። ፕሮጀክቱ ውስጥ እውነተኛው ምህንድስና ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙዎቹ ሪፖርቶች ግን ይህን በአንድ መስመር ያልፉታል።

ከዚሁ ጋር፣ ያልተሟላ ዙር መቁረጥን ተጠንቀቁ። 50 ሄርትዝ የሆነ ሞገድ በ0.1 ሰከንድ ውስጥ አምስት ሙሉ ዙር ይሠራል፤ ትንተናውም አንድ ንጹሕ መስመር ይሰጣል። በ0.11 ሰከንድ ብንቆርጠው አምስት ተኩል ዙር ሆኖ ጉልበቱ ወደ ጎረቤት ፍሪኩዌንሲዎች ይፈስሳል። የሃኒንግ ወይም የሃሚንግ መስኮት (የተቆረጠውን ሞገድ ሁለት ጫፎች ቀስ አድርጎ የሚያዳክም ማባዣ) የተፈጠረው ለዚህ ነው፤ መስኮት መጠቀም ጉብታውን እንደሚያሰፋውም አትርሱ።

የልብ ምት በሚለካ ሰርኪዩት ላይ የመብራት ኃይሉን ጉርምርምታ ለማጥፋት ልክ 50 ሄርትዝ ላይ እጅግ ጠባብ ፊልተር የሚሠሩም አሉ። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሣ ፍሪኩዌንሲው እንደ ጭነቱ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ጠባቡ ፊልተርም ጉርምርምታውን ይስታል። እኛ አገር ይህን ሳያስቡ መሥራት አይቻልም።

የኦሲሎስኮፑን የመሬት ቆንጣጭ እንዳሻው መሰካት

ኦሲሎስኮፕ ቮልቴጅ በጊዜ ሲለዋወጥ በስክሪን ያሳያል፤ የመለኪያ ሽቦው ፕሮብ ይባላል። የፕሮቡ ጥቁር ቆንጣጭ ከመልቲሜትር ጥቁር ሽቦ ጋር አንድ አይደለም። በተለመደው የቤተ ሙከራ ኦሲሎስኮፕ ላይ የሁለቱም ቻናል ቆንጣጮች በውስጥ የተገናኙ ናቸው፤ በሶኬቱ በኩልም ከመሬት ጋር ታስረዋል። የኃይል ምንጩ ኔጌቲቭ ከመሬት ጋር የታሰረ ከሆነ፣ ቆንጣጩን በሁለት ሬዚስተሮች መካከል ማስገባት የታችኛውን ሬዚስተር በሽቦ እንደማሳጠር ነው። ሰርኪዩቱ ወዲያው ሌላ ሰርኪዩት ሆነ። በአንድ ሬዚስተር ላይ ያለውን ቮልቴጅ ለማየት ሁለቱን ፕሮቦች በሁለቱ ጫፍ አድርጎ፣ ቆንጣጮቹን መሬት ላይ ትቶ፣ አንዱን ቻናል ከሌላው መቀነስ ነው። የሶኬቱን የመሬት እግር ቆርጦ “ተገላገልሁ” የሚል ሰው የኦሲሎስኮፑን ብረት አካል በ220 ቮልት አጠገብ ያለ ጥበቃ ትቶታል።

ያለፈውን ዓመት ሪፖርት መገልበጥ

ጎጃም የቅኔ አገር ናት፤ የቅኔ ተማሪ ትናንት የተቀኘውን ዛሬ መምህሩ ፊት ደግሞ አያቀርብም። የእኛ የቤተ ሙከራ ተማሪ ግን የታላቁን ወንድሙን ሪፖርት ስሙን ብቻ ቀይሮ ያስገባል። የሚያጋልጠው ብዙ ጊዜ አሃዙ ነው፤ 3.33 ብቻ በሚያሳይ መልቲሜትር 3.3333 ቮልት ለክቻለሁ ይላል፤ ሬዚስተሮቹም የአምስት በመቶ ልዩነት የሚፈቀድላቸው ሆነው ሳለ አንዲት ቅንጣት ሳይዛነፉ ይገኛሉ። የተዛነፈ ንባብ ከነምክንያቱ ያመጣ ተማሪ ከእኔ ዘንድ የተሻለ ነጥብ ያገኛል።

ዴሲቤልን ከሚሊዋት ጋር መቀላቀል

ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር በመኪና መንገድ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚሁ ርቀት ፋይበር ዘረጋን እንበል። በ1550 ናኖሜትር ጥሩ ፋይበር በኪሎ ሜትር 0.2 ዴሲቤል (የሁለት ኃይሎች ንጽጽር በሎጋሪዝም የሚገለጽበት መለኪያ) ያህል ያጠፋል፤ በጠቅላላው 52 ዴሲቤል፣ መጋጠሚያዎቹን ሳንቆጥር። በ1 ሚሊዋት ከጀመርን መልሱ ምንድን ነው? ብዙዎች 1 ሲቀነስ 52 ብለው ኔጌቲቭ 51 ይጽፋሉ። 1 ሚሊዋት በዲቢኤም፣ ማለትም ከ1 ሚሊዋት አንጻር በዴሲቤል፣ ሲገለጽ ዜሮ ነው፤ ስለዚህ የሚደርሰው ኔጌቲቭ 52 ዲቢኤም፣ ማለትም 6.3 ናኖዋት ነው። ኔጌቲቩ ምልክት ኃይሉ ከአንድ ሚሊዋት ያነሰ መሆኑን ብቻ ይናገራል። ይህ ለፈጣን መስመር ስለማይበቃ እንደ ፍኖተ ሰላምና ኢንጅባራ ባሉ ከተሞች ላይ በኤርቢየም የሚሠራ ማጉያ ማስገባት ግድ ይሆናል።

ዜሮ ዲቢኤም የሆኑ ሁለት ምንጮች ሲደመሩም ዜሮ አይሆኑም፤ 2 ሚሊዋት፣ ማለትም 3 ዲቢኤም ናቸው። ሌላም ወጥመድ አለ። የፎቶዳዮድ ከረንት ከብርሃኑ ኃይል ጋር እኩል ይወጣል ይወርዳል፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ደግሞ የከረንት ካሬ ነው። ስለዚህ ብርሃኑ በ3 ዴሲቤል ሲቀንስ በኤሌክትሪኩ በኩል የሚታየው 6 ዴሲቤል ነው። ሁለቱን በአንድ ግራፍ ላይ ሳይለይ የሣለ ሰው ግማሹን ጥፋት ከየት እንደመጣ ሊያውቅ አይችልም።

ፋይበርን በስልክ ካሜራ መፈተሽ

የቴሌቪዥን ሪሞት ጫፍ በስልክ ካሜራ ሲታይ ብልጭ እንደሚል ሁሉም ያውቃል፤ ብርሃኑ 940 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ከዚህ ተነሥቶ የፋይበሩን ጫፍ ወደ ካሜራ አዙሮ፣ ምንም ሲያጣ “መስመሩ ሞቷል” ብሎ በዓይኑ ወደ ማየት መሄድ እጅግ አደገኛ ነው። የካሜራው ዳሳሽ ሲሊከን ነው፤ የሲሊከን ባንድ ጋፕ (ብርሃኑን ለመዋጥ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ የፎቶን ጉልበት) 1.12 ኤሌክትሮን ቮልት ስለሆነ ከ1100 ናኖሜትር በላይ ያለውን ብርሃን አይውጥም። የ1550 ናኖሜትር ፎቶን 0.8 ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ አለው። 1310ም ቢሆን ከወሰኑ ውጭ ነው። ካሜራው አላየም ማለት ብርሃን የለም ማለት አይደለም፤ የሰው ዓይንም አያየውም፣ ጉዳቱ ግን አይቀርለትም። ለዚህ የሚያገለግለው ዳሳሹ ከኢንዲየም ጋሊየም አርሴናይድ የተሠራ የብርሃን ኃይል መለኪያ ነው። እሱ ከሌለ ሌዘሩን ከምንጩ አጥፍቶ፣ መጥፋቱንም አረጋግጦ፣ ከዚያ ብቻ ጫፉን መንካት።