ዩኤስዲቲ ስትልኩ የአድራሻውን መሃል እዩ

ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘ ዲጂታል ገንዘብ) ስትልኩ አድራሻን፣ ማለትም ገንዘቡ የሚሄድበትን ረጅም የፊደልና የቁጥር ኮድ፣ ከድሮ የዝውውር ዝርዝር ላይ ኮፒ አታድርጉ። አጭበርባሪዎች መጀመሪያውና መጨረሻው እናንተ ከምትልኩለት ሰው አድራሻ ጋር የሚመሳሰል አድራሻ ይፈጥሩና ከሱ ኢምንት ወይም ዜሮ ዝውውር ይልኩላችኋል። የሚፈልጉት ዝርዝራችሁ ውስጥ ገብተው በሚቀጥለው ጊዜ በስህተት እንድትመርጧቸው ነው። አድራሻውን ሁልጊዜ ከተቀባዩ በአዲስ ተቀበሉ፤ ከለጠፋችሁ በኋላም መሃል ላይ ያሉ ስድስት ያህል ፊደላትን አመሳክሩ። ኮፒ የተደረገን አድራሻ በድብቅ የሚቀይር ቫይረስም ስላለ ይህን አትዝለሉት።

ገንዘቡ የሚተላለፍበትን ኔትወርክ (ለምሳሌ ትሮን፣ ኢቴሪየም ወይም ቢኤንቢ ስማርት ቼይን) ደግሞ ተቀባዩን ጠይቁ። የትሮን አድራሻ በ«ቲ» ስለሚጀምር ይለያል። የኢቴሪየምና የቢኤንቢ ስማርት ቼይን ግን ሁለቱም በ«ዜሮ ኤክስ» ስለሚጀምሩ በማየት ብቻ አይለዩም። የተቀባዩ ኤክስቼንጅ (ዲጂታል ገንዘብ የሚገበያዩበት ድርጅት) በዚያ ኔትወርክ የማይቀበል ከሆነ ገንዘቡ ሂሳቡ ላይ አይገባም፤ ማስመለሱም አንዳንዴ ጨርሶ አይቻልም።

ብዙ ገንዘብ ከሆነ መጀመሪያ 10 ዩኤስዲቲ ላኩ (ኤክስቼንጁ የሚቀበለውን ዝቅተኛ መጠን አይታችሁ)። ተቀባዩ መድረሱን ሲያረጋግጥ ቀሪውን ወደዚያው አድራሻ ላኩ። ሁለት ጊዜ የኔትወርክ ክፍያ መክፈሉ ያናድዳል፣ ግን ያዋጣል። ከራሳችሁ ዋሌት (የዲጂታል ገንዘብ መያዣ) በትሮን የምትልኩ ከሆነ ለክፍያው የሚሆን ቲአርኤክስ (የትሮን የራሱ ገንዘብ) አስቀድማችሁ ያዙ፤ አለበለዚያ ዝውውሩ አይሄድም።